እጥፋት

አባቴ ኢሳቡሮ፣ መርከብ ሲበይድ የኖረ፣
ጣቱ እንደ ብሎን ወፍሮ በእሳት የጠቆረ፣
ከኦኖሚቺ ወደብ፣ ከጣቢያው ማዶ ባለች ኑድል ቤት
ሾርባው እስኪመጣ እንኳ ሥራ አይፈታም የሱ ጣት።
የመብያ እንጨቶቹን ስስ የወረቀት ልባስ
ሁለቴ ሦስቴ አጥፎ፣ በጥፍሩ ዳበስ ዳበስ፣
ትንሽ ትራስ ይሠራል።
እንጨቶቹን ያስተኛል።
«እንጨትም ይደክመዋል» ይለኛል።
ከዚያ በኋላ ወሬ የለም።

በቤታችን ወረቀት ወረቀት ሆኖ አያድርም።
የትናንቱ ጋዜጣ፣ ከነሹመቱ ከነሽረቱ፣
ሣጥን ሆኖ ያመሻል፤ የመንደሪን ልጣጭ ነው እራቱ።
ወንድሜ ሺጌኖሪ በልጆቹ በዓል የጦር ቁር ሲደፋ
ግንባሩ ላይ የጫማ ቅናሽ ይነበባል፣ ፊደሉ የሰፋ።
እኔን የሳምባ ምች ጥሎኝ፣ ትኩሳቱ ሲያቃዠኝ፣
መራራውን ዱቄት ጠርዝ በጠርዝ ቆልፎ አመጣልኝ፤
አንዲት ብናኝ አልፈሰሰችም።
አባቴ «አይዞሽ» አላለኝም፤
ወረቀቱ ነው ያለኝ።

ጎረቤታችን አሮጊቷ ቶሜ ሆስፒታል የገቡ ጊዜ
ሺህ ሽመላ እናጥፍ ብለን የሰፈር ልጆች ተሰበሰብን።
የኔዋ ወፍ አንገቷ ዞረ፣ ክንፏ አልተካከል አለኝ።
አንሥቶ አያት፣ ፈታታት፣ ነጩን ወረቀት መለሰልኝ፦
«መጀመሪያው ሲወላገድ
ክንፉ ላይ ነው የሚታወቀው።»

ሰፈሩም ይል ነበር፣ ሲያደንቀውም ሲያማውም፦
«ኢሳቡሮ ወረቀት ያጥፋል፤ ቃሉን ግን አያጥፍም።»
እውነት ነው።
እከፍላለሁ ያለውን ከፍሏል፤ እመጣለሁ ባለበት መጥቷል።
አልመጣም ሲልም እንዲሁ።

ከባሕር ማዶ፣ ከቡሳን የመጣ ምግብ አብሳይ ስወድ
«እዚያ ሰርግ እግሬን አላነሣም» አለ፤ ቤቱ ሆነ በረድ።
እንዳለውም ሆነ።
የአባት ወንበር በሰርጌ ዕለት ባዶውን ዋለ።
ዘጠኝ ክረምት አለፈ፤ እሱም ዝም፣ እኔም ዝም።
ከዘር የወረስኩት ይኸው ነው፣ እኔም ቃሌን አላጥፍም።

በአገራችን ደንብ አለ።
የደስታ ገንዘብ ሲጠቀለል
የታቹ እጥፋት በላዩ ይደረባል፣
እንደተዘረጋ መዳፍ፣ በረከት እንዲቀበል።
የለቅሶ ሲሆን ግን
የላዩ በታቹ ላይ ይወርዳል፣
እንባው እንዲፈስ፣ እንዳይጠራቀም።

ባለፈው ክረምት፣ በረዶው መንገዱን ሳይለቅ፣
አርባ ሦስት ፖስታ ተቀበልኩ፣ ደጃፉ ላይ ቆሜ።
አርባ ሦስቱም ወደ ታች።
በሦስተኛው ቀን የብየዳ ሣጥኑን ስከፍት፣
ከጥቁሩ መነጽር ሥር፣ ከመዶሻው ጎን፣
አንድ ፖስታ አገኘሁ፣ በላዩም ስሜ፦
ናትሱኖ።
ቀይና ነጭ ክር ታስሮበታል።
ገለበጥኩት።
ወደ ላይ።

ጠርዙ ነትቧል፤ መታጠፊያው እንደ ጨርቅ ለስልሷል።
ስንቴ ፈትቶት ይሆን? ስንቴስ መልሶ አጥፎታል?
በስንት ሌሊት፣ በማን ፊት ሲያፍር፣
እግሩ በር ድረስ ሄዶ ስንቴ ይሆን የተመለሰው?
ቃሉን ማጠፍ ቢያቅተው
ወረቀቱን አጠፈው።

ትናንት ከባሌ ጋር ያቺ ኑድል ቤት ገባን።
ባለቤቷ አወቀችኝ፤ ከመስኮቱ ዳር አስቀመጠችን።
ሾርባው እስኪመጣ
ልባሱን አነሣሁ፣ አጠፍኩ፣ በጥፍሬ ዳበስኩ።
ለሱ ቀና ያለውን ሰጠሁ፤
የኔው ተወላገደብኝ፣ አንድ ጎኑ ዘመመ።

አልፈታሁትም።
እንጨቶቼን አስተኛሁበት።